ጀርመን የማኔጅመንት ማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ የመጋዘን ሥራዬን ልተው ወይስ ልቀጥል? ያለፋችሁበት ምከሩኝ

ራይን_ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደቡብ ምዕራብ ጀርመን ነው ያለሁት፣ ማኔጅመንት ማስተርስ ሁለተኛ ሴሚስተር፣ አዲስ አበባ አካውንቲንግ ተመርቄ ባንክ ትንሽ ከሠራሁ በኋላ ነው የመጣሁት። ጥያቄዬ ይረዝማል ግን ነገሩን በደንብ ካላስረዳሁ ለመመለስም አይመችምና ታገሱኝ።

ከገንዘቡ ልጀምር። ብሎክድ አካውንት፣ ማለትም በየወሩ ብቻ የሚለቀቅ የተቆለፈ የባንክ ሂሳብ፣ ውስጥ 11,904 ዩሮ አስገብቼ ነው ቪዛ ያገኘሁት፣ በወር 992 ይለቀቅልኛል። ያ ገንዘብ እንዴት እንደተሰበሰበ እኔና ቤተሰቤ ነን የምናውቀው። አባቴ ሂሳቡን የሠራው ዶላር ባንክ ቤት 57 ብር በነበረ ጊዜ ነው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ እኛ ግማሹን እንኳን አልሞላንም ነበር፣ ከዛ እየጨመረ እየጨመረ ሄዶ የጎደለውን አጎቴ መኪናውን ሸጦ እናቴም ዕቁቧን አስቀድማ ወስዳ ነው የሞሉልኝ። እዚህ እያንዳንዷን ዩሮ ሳወጣ ቤት ነው ፊቴ ላይ የሚመጣው።

992ቱ ሲበተን ደግሞ እንዲህ ነው፣ ባደን ቩርተምበርግ ውስጥ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የመጣን ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ እንከፍላለን፣ በወር ሲታሰብ 250 ማለት ነው፣ የጤና ኢንሹራንስ ከ140 በላይ፣ ዶርም 390። ለምግብም ለስልክም ለምኑም የሚተርፈኝ 200 አካባቢ ነው፣ እሱም የሴሚስተር መዋጮውን ሳልጨምር።

ስለዚህ እንደመጣሁ ብዙም ሳልቆይ የፓኬት መጋዘን ገባሁ። ዓርብ ማታ ለአምስት ሰዓት ያህል፣ ቅዳሜ ደግሞ ከንጋቱ 12 ጀምሮ ሙሉ ሺፍት። ስካነሩ እጅ ላይ ይታሰራል፣ ካርቶኑ በቀበቶው ላይ ይመጣል፣ በፖስታ ቁጥሩ እየለዩ ጋሪው ውስጥ መደርደር ነው። ሥራው ንጹህ ሥራ ነው፣ ደሞዙም በቀኑ ይገባል፣ በወር ወደ 700 ዩሮ እጄ ይደርሳል። ከዛ ላይ ለታናሽ እህቴ ኮሌጅ ትንሽ እልካለሁ፣ የቀረውን ለሚቀጥለው ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ እድሳት አስቀምጣለሁ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ግሩፕ ወርክ የሚገናኙት ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ እኔ ደግሞ ያን ሰዓት ገና ከመጋዘን ወጥቼ ትራም ላይ ነኝ። ባለፈው አንድ ኩባንያ ዋጋ አውጡ የሚል ኬዝ ተሰጥቶን የካሽ ፍሎው ሞዴሉን ከሀ እስከ ፐ እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ኤክሴል ላይ አምሽቼ ዲስካውንት ሬቱ፣ ማለትም የወደፊቱ ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመለስበት መቶኛ፣ ሲቀያየር ዋጋው እንዴት እንደሚለወጥ ሁሉ አስገብቼ ላክሁላቸው። ቅዳሜ ተሰብስበው አቅራቢ ሲከፋፈሉ እኔ የለሁማ! ሰኞ ፕሮፌሰሩ ፊት ቆመው የኔን ሠንጠረዥ ያብራሩት ሌሎች ናቸው፣ እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ክፋት አስበው አይደለም፣ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ግን ጥያቄ የተጠየቁት እነሱ፣ ከፕሮፌሰሩ ጋ የተዋወቁት እነሱ፣ ሆዴን በላኝ።

እና አሁን ልቤ ተከፍሏል። መጋዘኑን ትቼ ጊዜዬን ለጀርመንኛና ለኢንተርንሺፕ ማመልከቻ ላድርገው? ጀርመንኛዬ ቢ1፣ መካከለኛውን ደረጃ፣ ገና ጀምሬያለሁ። ወይስ ገንዘቡ ይበልጣል? ቢዝነስ ትምህርት ከክፍሉ ይልቅ ሰው መተዋወቁ ነው ይላሉ፣ እኔ ግን ሐሙስ ማታ አብሬያቸው ልወጣ ስል እንኳን አንድ ቢራ ምን ያህል እንደሆነ ነው የማስበው። ያለፋችሁበት በእናታችሁ ምከሩኝ።


ኮልፌ_ፍራንክፈርት፦

እህቴ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ እዚሁ ጀርመን ፋይናንስ ተምሬ አሁን ኮንትሮሊንግ (የኩባንያ ወጪና በጀት ክትትል) ላይ ነው የምሠራው፣ የጻፍሽው ነገር በሙሉ የኔም ነበር ስለዚህ ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

መጋዘኑን ተዪው፣ ግን ዛሬ አይደለም። ሌላ ኮንትራት ፈርመሽ ነው የምትተዪው። ያ ሌላው ኮንትራት ደግሞ መጀመሪያ ሂዊ ይሁን እልሻለሁ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተማሪ ረዳት መሆን። ለምን መሰለሽ፣ በኛ ፈቃድ በዓመት መሥራት የምንችለው 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው፣ ድሮ 120 ነበር ከማርች 2024 ወዲህ ነው የጨመረው፣ የሂዊ ሥራ ግን ከዚህ ላይ አይቆጠርም። ሌላ ልብ ያላልሽው ነገር ሊኖር ይችላል፣ ግማሽ ቀን የሚባለው እስከ አራት ሰዓት ነው፣ አንቺ ዓርብ ማታ አምስት ሰዓት ስለምትሠሪ እንደ ሙሉ ቀን ነው የሚያዝብሽ። አሁን ባለሽበት አታልፊም ግን በበጋ እረፍት ሺፍት ልጨምር ካልሽ በደንብ ቁጠሪው፣ የሰዓት ወረቀትሽንም አትጣይ።

ሂዊ በወር 30 ወይም 40 ሰዓት ነው ብዙውን ጊዜ፣ ገንዘቡ ከመጋዘኑ ያንሳል፣ ይሄን አልደብቅሽም። ግን ሰዓቱን አንቺ ታመቻቺዋለሽ፣ ቅዳሜሽ ይመለሳል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ወንበርሽ ላይ ሆነሽ ያየሽው ፕሮፌሰር ጋ ኮሪደሩ ላይ በየቀኑ ትገናኛላችሁ። እንዴት ይገኛል ካልሽ ማስታወቂያ ብቻ አትጠብቂ። ለፕሮፌሰሩ ሳይሆን እሱ ሥር ላሉት የዶክትሬት ተማሪዎች ኢሜይል ጻፊ፣ ዳታ የሚያጸዳላቸው፣ ኤክሴል የሚችል፣ አካውንቲንግ የገባው ሰው ሁሌ ይፈልጋሉ፣ አንቺ ደግሞ ባንክ ሠርተሻል። ያን የኩባንያ ዋጋ ሞዴል ፒዲኤፍ አድርገሽ አያይዢው፣ ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት በይ።

ቀጥሎ ቨርክሽቱደንት፣ ማለትም ኩባንያ ውስጥ በተማሪነት የሚሠራ የትርፍ ጊዜ ሥራ። በትምህርት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ከሆነ ከደሞዝሽ የሚቆረጠው የጡረታው 9.3 ፐርሰንት ነው፣ የጤናና የሥራ አጥ መዋጮ አይነካሽም። ግብርም ቢቆርጡብሽ የዓመት ገቢሽ ከነጻው ጣሪያ በታች ስለሆነ በዓመቱ መጨረሻ ኤልስተር በሚባለው የግብር ድረ ገጽ ላይ ሞልተሽ መልሰሽ ትወስጂዋለሽ፣ ብዙ ሐበሻ ተማሪ ይሄን ሳይሞላ ገንዘቡ እዛው ይቀራል፣ ያናድደኛል። አንቺ ያለሽበት አካባቢ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ፣ ዋልዶርፍ የሶፍትዌሩ ኩባንያ ኤስ ኤ ፒ አለ፣ ራይንን ተሻግረሽ ሉድቪግስሃፈን የኬሚካሉ ኩባንያ ቢ ኤ ኤስ ኤፍ አለ፣ እነሱን ተከትለው የመጡ ትንንሽ ኩባንያዎችም ሞልተዋል፣ በእንግሊዝኛ የሚወጣ የተማሪ ሥራ አይጠፋም። ግን እመኚኝ ቢ1ን አትልቀቂው፣ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ምሳ ላይ የሚወራው በጀርመንኛ ነው።


ጣና_ሊዮን፦

አንቺዬ፣ ያ ወንበርሽ ላይ የቀረሽበት ቀን አንጀቴን በላኝ። እኔ ፈረንሳይ ነኝ፣ የገንዘቡን ነገር ወንድማችን በደንብ ስለነገረሽ እኔ ስለ ግሩፕ ወርኩ ነው የምጽፈው ምክንያቱም እሱ ካልተስተካከለ ቅዳሜሽ ቢመለስም ያው ነው።

እኛ ያደግነው እንዴት ነው፣ ጎበዝ ልጅ ማለት ሠርታ ዝም የምትል ናት፣ እኔ ነኝ የሠራሁት ማለት ነውር ነው፣ ሰው ራሱ አይቶ ያመሰግነኛል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። እዚህ ማንም አያይም። ይሉኝታ የሚባል ነገር ከነሱ ጋ የለም ማለቴ አይደለም ግን ሥራ ላይ አያስገቡትም፣ እኔ ይሄን ክፍል እወስዳለሁ ካላልሽ አልፈለገችም ብለው ነው የሚያልፉሽ፣ እንዲያውም እንዳያጨናንቁሽ ብለው።

ስለዚህ ቡድኑ ገና ሲመሠረት፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ፣ ሁለት ነገር ተናገሪ። አንደኛ ቅዳሜ እስከዚህ ሰዓት ሥራ አለኝ፣ ስብሰባው እሁድ ወይ ረቡዕ ማታ ይሁን። አትፍሪ፣ ሥራ አለኝ ማለት እነሱ ጋ የሚከበር ምክንያት ነው፣ ግማሾቹም ራሳቸው ይሠራሉ። ሁለተኛ ሞዴሉን የሠራ ሰው ሞዴሉን ያቅርብ፣ ይሄን እንደ ደንብ አስቀምጪው፣ ስለራስሽ እየለመንሽ ሳይሆን ስለ ቡድኑ ውጤት እያወራሽ ነው የሚመስለው፣ እውነትም ነው፣ ፕሮፌሰሩ ለምን ይሄን ሬት ወሰዳችሁ ብሎ ሲጠይቅ የሠራው ሰው ነው የሚመልሰው። የዛን ቀን ከተጠየቁት ውስጥ ስንቱን በትክክል መለሱ? አንቺ ብትሆኚ ትመልሺው ነበር አይደል?

ክፍል ውስጥ መናገርም እንደዛው ነው። እኛ ጋ አንዳንዱ ኮርስ ላይ ተሳትፎ ማርክ አለው፣ እኔ መጀመሪያ ላይ ዓረፍተ ነገሩን በሆዴ አስተካክዬ እስክጨርስ ርዕሱ አልፎ ይሄዳል። ያዋጣኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ኬዙን ማታ ሳነብ ከቁጥሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ እመርጣለሁ፣ ለምሳሌ የዚህ ኩባንያ ኢንቬንተሪ ለምን ሽያጩን ቀድሞ አደገ የሚል፣ እና ክፍሉ እንደተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እጄን አወጣለሁ። በኋላ ላይ ውይይቱ ሲጦፍ መግባት ነው የሚከብደው፣ መጀመሪያ ላይ ግን ሁሉም ዝም ስለሚል ቦታው ክፍት ነው።

ስለ ኢንተርንሺፕ ደግሞ፣ እኛ ጋ ብዙ ተማሪ በማስተርሱ መሃል አንድ ዓመት ሴዙር የሚባል እረፍት ወስዶ ሁለት የስድስት ስድስት ወር ስታዥ፣ ማለትም ኢንተርንሺፕ፣ ይሠራል። ከሁለት ወር በላይ ከሆነ ኩባንያው የግድ ይከፍላል፣ ትንሹ በ2025 በሰዓት 4.35 ዩሮ ነበር፣ ፓሪስ ላይ ለቤት ኪራይም አይበቃም። አንቺ ጋ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 13.90 ነው፣ በፈቃድሽ የምትወስጂው ኢንተርንሺፕም ከሦስት ወር ካለፈ ይሄንኑ ክፍያ ያስገኝልሻል፣ ትምህርት ቤቱ ግዴታ ያደረገው ከሆነ ግን አይመለከትሽም፣ ማመልከት ከመጀመርሽ በፊት ያንቺ ፕሮግራም የቱ እንደሆነ አረጋግጪ።


ኑርንበርግ_አባባ፦

እኔ ደግሞ የምቃወመው ነገር አለ፣ ልጆቹ ጥሩ ነው የመከሩሽ ግን የወረቀቱን ነገር ቀለል አድርገው ነው ያለፉት።

የኔ ልጅ፣ ፈቃድሽ ሲታደስ አውስሌንደርቤሆርደ የሚባለው የውጭ ዜጎች ቢሮ እንደገና ዓመቱን በምን ልትኖሪ ነው ብሎ ይጠይቅሻል። ብዙ ተማሪ እንደገና 11,904ቱን በአንድ ጊዜ ማሳየት አለብኝ ብሎ እንቅልፍ ያጣል፣ ሌሊት ሥራ ይጨምራል፣ ፈተና ይወድቃል፣ ከዛ ደግሞ ክሬዲትሽ ለምን አነሰ ይባላል። ሙሉውን ማሳየት የግድ አይደለም። የሥራ ኮንትራትና የጥቂት ወራት የደሞዝ ወረቀት ይዘሽ ከሄድሽ የወር ገቢሽ ይታሰብልሻል፣ የጎደለውን ብቻ ነው በአካውንት የምታሳይው። ከተማ ከተማ ይለያያል፣ ስለዚህ ያንቺን ከተማ ቢሮ በኢሜይል አሁኑኑ ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ያዢ። ቀጠሮውም ቶሎ አይገኝም፣ ፈቃድሽ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው መጀመር አለብሽ።

እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው የማያቋርጥ ኮንትራት ያስፈልግሻል የምለው። በሁለቱ መሃል ባዶ ወር እንዳይኖር። የሂዊ ኮንትራት አንዳንዴ ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ነው የሚፈረመው፣ ከእድሳቱ በፊት የሚያልቅ ከሆነ ይራዘምልኝ እንደሆነ በጽሑፍ ንገሩኝ በያቸው።

ስለ እህትሽ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። መላኩን አቁሚ አልልሽም፣ እኔም ልኬ ነው ያደግሁት ያሳደግሁትም። ግን ቤት ደውለሽ ለአባትሽ ሂሳቡን እዚህ እንደጻፍሽው አድርገሽ ንገሪው። 992 ገብቶ 200 እንደሚቀር አባትሽ ያውቃል? ወላጅ ውጭ አገር ያለ ልጁ ስንት እንደሚያገኝ ነው የሚሰማው፣ ስንት እንደሚወጣበት ማንም አይነግረውም። ለስድስት ወር ቀንሼ ልላክና ጥሩ ሥራ ስይዝ እጨምራለሁ ብትዪው የሚከፋ አባት አይመስለኝም፣ መኪና ሸጦ የላከሽ ቤተሰብ እኮ ነው፣ የላኩሽ እንድትማሪ ነው።


አዋሬ_ቨርጂኒያ፦

ከአሜሪካ ነኝ፣ ኤምቢኤ ጨርሼ ኦፕሬሽንስ ላይ ነው የምሠራው። እኛ ጋ ኤፍ1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ ላይ በመጀመሪያው ዓመት ከካምፓስ ውጪ መሥራት አይቻልም፣ ካምፓስ ውስጥም በትምህርት ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት ነው። ስንጨርስ 12 ወር ኦፒቲ፣ ማለትም በተማርነው ሙያ የመሥራት ፈቃድ፣ እናገኛለን፣ ፕሮግራሙ ስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስና ወይም የሒሳብ ዘርፍ) ተብሎ የተመዘገበ ከሆነ 24 ወር ይጨመርለታል፣ ለዚህ ነው ብዙ ሰው ቢዝነስ አናሊቲክስ የሚመርጠው። አንቺ ስትጨርሺ ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ይሰጥሻል፣ በዛ ጊዜ ማንኛውንም ሥራ መሥራት ትችያለሽ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው አትናቂው።

እኔ የመጣሁት ስለ መጋዘኑ ለመናገር ነው። ሁላችሁም ተዪው ተዪው ትላላችሁ፣ ቢዝነስ ስኩል ግን ሰፕላይ ቼይን ብሎ የሚያስተምረው እሱን አይደል እንዴ? አብረውሽ የሚማሩት ልጆች የመጋዘን ቀበቶ ያዩት በስላይድ ነው። አንቺ በየትኛው ሰዓት ፓኬት እንደሚከመር፣ ስካነሩ ሲበላሽ ሰልፉ የት እንደሚቆም፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት በአካል ታውቂያለሽ። ከመልቀቅሽ በፊት ለሺፍት መሪሽ አንድ ጥያቄ አቅርቢ፣ ዕቅድ የሚያወጡት፣ የሰው ኃይል የሚመድቡት ቢሮ ውስጥ ለተማሪ የሚሆን ቦታ አለ ወይ በይው። ኩባንያው ያውቅሻል፣ በሰዓትሽ እንደምትገቢ ያውቃል፣ ከውጭ ከሚያመለክተው ሰው ይልቅ አንቺ ትቀርቢያለሽ። የለም ካለሽ ምንም አልጎደለብሽም፣ ስትለቂ ግን ጀርመኖች የሚሰጡትን የሥራ ምስክር ወረቀት ሳትቀበዪ እንዳትወጪ፣ የመጠየቅ መብት አለሽ።

አንድ የምለምንሽ ነገር፣ ገንዘብ ሲያጥርሽ በካሽ እንክፈልሽ የሚል ሰው አይጠፋም፣ የኛም ሰው ሊሆን ይችላል፣ አዝኖልሽም ሊሆን ይችላል። እንዳትገቢበት። እዚህ እንደዛ ሠርቶ ስታተሱን ያጣ ልጅ አውቃለሁ፣ የሁለት ዓመት ትምህርት ነው በአንድ ወረቀት የቀረው።


ራይን_ዳር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ኑርንበርግ ያሉት አባባ እርስዎ እንዳሉት ትናንት ለአባቴ ደወልኩና ሂሳቡን አንድ በአንድ ነገርኩት፣ ዝም ብሎ ሰማኝና ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም አለኝ፣ የእህቴን ለጊዜው እሱና አጎቴ እንደሚይዙት ነገረኝ። ቀለለኝ።

ጣናዬ፣ ለጠየቅሽኝ፣ ዲስካውንት ሬቱን ለምን ወሰዳችሁ ሲባሉ አልመለሱም፣ እኔም ከወንበሬ አልተናገርኩም። አዲሱ ቡድን ላይ ግን ደንቡን ነገርኳቸው፣ ስብሰባው ረቡዕ ማታ ሆኗል፣ ቁጥሩንም እኔ ነኝ የማቀርበው። አንዷ ጀርመናዊት እንዲያውም እሷም ቅዳሜ ካፌ እንደምትሠራ ነግራኝ በጣም ደስ አላት።

ሺፍት መሪዬንም ጠየቅሁት፣ ዕቅድ ክፍል ቦታ ሲኖር ስሜን እንደሚሰጥ ቃል ገብቷል፣ እስከዛ የዓርቡን ወደ አራት ሰዓት ዝቅ አድርጎልኛል። ለአካውንቲንግ ክፍሉ የዶክትሬት ተማሪዎች ኢሜይል ጽፌ ጨርሻለሁ ግን አልላክሁትም፣ ሲቪዬ ላይ መጋዘኑን ልጻፈው ወይስ ባንኩ ብቻ ይበቃል? እና በጀርመንኛ ልጻፍ በእንግሊዝኛ?


ኮልፌ_ፍራንክፈርት፦

ጻፊው እንጂ! ጀርመኖች ሲቪ ላይ ባዶ ወር ሲያዩ ነው የሚጠይቁት። ከባንኩ በላይ ይግባ ምክንያቱም የቅርቡ ይቀድማል፣ ግን ሁለት መስመር ይበቃዋል፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነና ከሙሉ ጊዜ ትምህርት ጎን ለጎን መሆኑን ጻፊ። የባንኩን ሰፋ አድርገሽ ጻፊው፣ ምን ሪፖርት ትሠሪ እንደነበር፣ በምን ሲስተም።

ኢሜይሉን በእንግሊዝኛ ጻፊ፣ ፕሮግራምሽ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማንም አይጠይቅሽም፣ ሰላምታውን ብቻ በጀርመንኛ አድርጊው። አጭር ይሁን፣ ማን እንደሆንሽ፣ ምን እንደምትችዪ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት። ሞዴሉን ማያያዝ እንዳትረሺ። ዛሬ ላኪው፣ የሚቀጥለው ሴሚስተር ኮንትራት የሚፈረመው ይሄ ሴሚስተር ሳያልቅ ነው። በሳምንት ውስጥ መልስ ካጣሽ በአካል ሂጂ፣ የቢሮ ሰዓታቸው ድረ ገጻቸው ላይ አለ።